ሴቴዋን ብሳና ከወንዴው የለዩት ኬሚስት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ኬሚስት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከፊት ለፊት የአባታቸው መሥሪያ፣ ከጓሮ ደግሞ ሁለት የብሳና ዛፎች ነበሩት። በአምስት ዓመት የሚበልጧቸውን ብቸኛ እህታቸውን «እታለም» ብለው ይጠሩ ነበር፤ እታለም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት ናቸው። ኬሚስቱ በልጅነታቸው ለሳይንስ የተለየ ዝንባሌ ነበራቸው ብንል እንዋሻለን። ዛፍ ላይ ይወጡ ነበር፣ ይወድቁም ነበር።

በ1948 ዓ.ም. አባታቸው ጉበታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። የሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ የብሳና ቅርፊት ተቀቅሎ እንዲጠጡ አዘዙ፤ ሴቴዋ እንጂ ወንዴው እንዳይሆን፣ ወንዴው መርዝ ነው ብለውም አጥብቀው አስጠነቀቁ። ሴቴና ወንዴ የሚባሉት የአንድ ወገን ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ የአንዱ ቅርፊት ልሙጥ፣ የሌላው ሻካራ ነው። ልሙጡን የላጡት፣ የቀቀሉትና ለአባታቸው ያጠጡት እታለም ነበሩ፤ ያኔ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። አባታቸው በማግስቱ አረፉ።

ለልቅሶ ከመጡት መካከል የወንዝ ማዶ ተወላጅ የሆኑት የአጎታቸው ሚስት ይገኙበት ነበር። ወደ ጓሮ ወጥተው የተላጠውን ዛፍ ሲያዩ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «ኧረ ጉድ! ይቺ ልጅ ወንዴውን ነው እኮ የላጠችው!» አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናታቸው «ሆድ ይፍጀው» ብለው ነገሩ ዳግም እንዳይነሳ አደረጉ፤ ባለመነሳቱም ሳይጣራ ቀረ። እታለም ከዚያ ወዲህ ለታመመ ሰው ምንም ነገር በእጃቸው አጠጥተው አያውቁም። እኛ ልጆቻቸው ስንታመም ሽሮፑን የምትሰጠን ጎረቤታችን ነበረች፤ እናታችን በሩ ላይ ቆመው «ዋጠው? ዋጠው ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ኬሚስቱ በ1962 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ ባሕር ማዶ ተሻግረውም በ1968 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ሲመለሱ በአንድ የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ላቦራቶሪ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው በዚያው አገለገሉ። የተሰጣቸው ክፍል ምድር ቤት ነበር። ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ የአልኮሉ ሽታ ኮታቸው ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። የጥናታቸው ርዕስ የብሳና ወገን ዛፎች ኬሚስትሪና የመድኃኒትነት ጥቅም ነበር። ለምን ብሳናን እንደመረጡ ሲጠየቁ «በየሜዳው ስለሚበቅል» ይሉ ነበር። ዛፉን «የኔ ወገን» ማለት ስለሚያዘወትሩ ዘመዶቻቸው «ወገኑ እኛ ነን ወይስ እንጨቱ?» እያሉ ያሟቸው ነበር።

በየብልቃጡ ላይ «አይቀመስም» የሚል ወረቀት ይለጥፉ ስለነበር ቅጽል ስማቸው «አይቀመስም» ሆነ። የሥጋ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የላቦራቶሪው ዘበኛ «ገበያው እንደ እርስዎ ሆኗል» ይሏቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ስለ ሻይ ስኳር ሲጠይቋቸው መልሱ በግራም ይመጣ እንደነበር ዛሬም ይናገራሉ።

በ1983 ዓ.ም. ቅርፊት ለመሰብሰብ ወንዙን ተሻገሩ። እዚያ ልሙጡን ዛፍ ሴቴ ብለው ሲጠሩ የመንደሩ ሰዎች ሳቁባቸው። በማዶ አጠራር ሴቴ የሚባለው ሻካራው ነው፤ ፍሬ የሚበዛበት እሱ ስለሆነ፣ የሚወልድ ደግሞ ሴት ስለሆነ። ወዲህ ማዶ ግን ሴቴ ያሰኘው የቅርፊቱ ልስላሴ ነው። ኬሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ እንዳልተነሡ አብሯቸው የሄደው ሾፌር ተናግሯል። የአጎታቸው ሚስት ያን ቀን የተናገሩት በገዛ አገራቸው አጠራር ነበር። ይህ በታወቀ ጊዜ ሴትዮዋ በሕይወት አልነበሩም፤ ኬሚስቱም አንድም ቀን ክፉ አላነሷቸውም።

ይሁን እንጂ ስም ማስረጃ አይሆንም። ከአባታቸው ጓሮ፣ የድሮው ልጣጭ ጠባሳ ካለበት ከራሱ ከልሙጡ ዛፍ ቅርፊት ወስደው ፈተሹ። «አንዴ መለካት አለመለካት ነው» ይሉ ስለነበር ሥራውን ሦስት ዓመት ደጋገሙት። ሻካራው በእርግጥ መርዝ ነበረበት። የልሙጡ ግን አንድ ኩባያ ቀርቶ አንድ ማሰሮም ሰው አይገድልም፤ ጉበትም አያድንም። አባታቸውን የገደላቸው ሕመማቸው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ይህንኑ ለእታለም በማዕድ ቤታቸው ተቀምጠው ነገሯቸው። እታለም «እርግጠኛ ነህ?» አሉ። ኬሚስቱ በሥራ ዘመናቸው ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል መልሰው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን «አዎ» አሉ። እታለም «እሺ» ብለው ተነሡ። ያደረ ፍርሃት ግን በአንድ ቃል አይለቅም፤ ጎረቤታችን ሽሮፑን ማጠጣቷን ቀጠለች።

ኬሚስቱ በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከብሳና መድኃኒት አላወጡም። በላቦራቶሪ የሆድ ትልን የገደለው የሻካራው ንጥረ ነገር ከሰውም የማይመለስ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሕዝቡ እንዳይጠጣው የመከሩት ራሳቸው ናቸው። በዚህ የተከፉባቸው ነበሩ፤ እሳቸው አልተከፉም።

በ2015 ዓ.ም. እሳቸውም በተራቸው ጉበታቸውን ታመሙ። አልጋ ከያዙ በኋላ «መድኃኒቴን እታለም ካላጠጣችኝ አልጠጣም» አሉ። ነርሷ ለመነች፣ ባለቤታቸው ተቆጡ፤ አልሆነም። እታለም መጀመሪያ እምቢ ብለው ወደ መተላለፊያው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ ማንኪያውን ያዙ፤ የመድኃኒቱ ግማሽ ትራሱ ላይ ፈሰሰ። ወንድማቸው የቀረውን ዋጡና «እታለም፣ ይቀመሳል» አሉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን የሰጣቸው ሌላ ሰው የለም።

ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እታለምን ትተውልን ሄደዋል። ያ ክፉ ቃል የተነገረው በልቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነበርና መልሱም በልቅሷቸው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዲነገር አደራ ብለውናል። አደራ በላ አንሆንም። እታለም የላጡት ሴቴዋን ነበር።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ ለእታለም ዕድሜ፣ ለእጃቸውም ዕረፍት ይስጥልን።