ባዶው ምስማር፦ የሥዕል መምህርታችን የእትዬ ገናነው የሕይወት ታሪክ

ሠፈሩ ሁሉ እትዬ ገናነው እያለ የሚጠራቸው የሥዕል መምህርት ከሰሌዳ ጻፊው አባታቸውና ከስልክ ቤት ሠራተኛዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ሁለተኛነታቸውን አስቀድሜ የጻፍኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን አልተዋጠላቸውም።

አባታቸው የሱቅና የመድኃኒት ቤት ስም በቆርቆሮ ላይ እየጻፉ ነበር የሚተዳደሩት። የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ነበር፤ የዘይት ቀለም ሽታ አይለቀውም፤ ያልደረቀ ሰሌዳ በየግድግዳው ተደግፎ ስለሚውል ልጆቹ ወደ ውስጥ የሚገቡት ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጎን ነበር። ታላቅ እህታቸው ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣሉ፤ እሳቸው መካከሉን ቀለም ይሞላሉ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር አባት "መስመሯን እያት እስቲ፣ የትልቋ ልጄ ናት" ይላሉ። ስለ ቀለም አሞላሉ የጠየቀ ደንበኛ አልተገኘም። "ሥዕል የጀመርኩት ወድጄ መሰላችሁ? እህቴን ላሳያት ብዬ ነው" ይሉን ነበር እትዬ። እህትየው ዛሬ እዚህ ለቅሶው ላይ ከፊት ተቀምጠዋል። የልብስ መደብር ከከፈቱ ወዲህ እርሳስ የሚያነሱት ሒሳብ ሊደምሩ ብቻ ነው። እትዬ ግን እስከ መጨረሻው፣ መስመር በተበላሸባቸው ቁጥር፣ "እሷ ብትሆን ባንዴ ነበር" ሳይሉ ቀርተው አያውቁም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው አጠናቀው የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1967 ዓ.ም. ከክፍላቸው ሁለተኛ ሆነው ተመረቁ። አንደኛ የወጣው ልጅ ባንክ ቤት ተቀጠረ። መንገድ ላይ ሲያገኙት "እየሳልክ ነው?" ይሉታል። "ኧረ ጊዜ የት አለ" ካላቸው ያን ዕለት ምሳቸው ይጣፍጣቸዋል።

በ1968 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው በአንድ ትምህርት ቤት ሠሩ። ክፍላቸው ከደረጃው ሥር ነበር፤ በላይ ተማሪ በወረደ ቁጥር ጣራው አቧራ ያራግፋል፤ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ያልደረቀ ሥዕል በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ይውላል። ተማሪ ጨረስኩ ብሎ ሥራውን ሲያሳያቸው "ገና ነው" ይላሉ። የራሳቸውንም ሰው ሲያደንቅላቸው "ገና ነው" ነው መልሱ። ተማሪዎቹ ይህንኑ ስም አድርገው አወጡላቸው። የወንድ ስም ነው ብለው ቅር አላላቸውም።

በ1971 ዓ.ም. ጋሼ መርፌ የምንላቸውን ልብስ ሰፊ አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ ሳሎናቸው ገብቶ ያላየው የለምና። እትዬ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ከተማሪዎቻቸው ሥራ አንድ ብቻ ይመርጣሉ። የሚመርጡት ከፍተኛ ነጥብ የሰጡትን አልነበረም፤ ያስቀናቸውን ነው። ልጁን ወይም ልጅቷን ጠርተው "ይህን ስጪኝ፤ እንዴት እንዳደረግሽውም ንገሪኝ" ይላሉ። ከዚያ ቤታቸው ወስደው ይሰቅሉታል፤ ጠዋት ጠዋትም ሻይ ይዘው ፊቱ ተቀምጠው ይበሳጫሉ። እኛ ወላጆች ደግሞ እርስ በርሳችን እንቀናለን። የእኔ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ለፍታ የአበባ ማስቀመጫ ሳለች፤ ቅጠሉ ቢቆጠር አይጎድልም። የተሰቀለው ግን የጎረቤት ልጅ በሦስት መስመር የሳለችው ዝናብ የመታው ውሻ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ የልጄ አበባ ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። ችግሩ እሱ ነው።"

የውሻውን ሠዓሊ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታ ብለው ጠሯት፤ ጸጉሩ ላይ ያለችው የውኃ ጠብታ እንቅልፍ ስለነሳቻቸው።

ግድግዳው በሞላ ቁጥር የሠርጋቸው ፎቶ ቦታ ለቀቀ፤ መጀመሪያ ወደ ኮሪደር፣ ከዚያ ወደ መኝታ ቤት፣ በመጨረሻ ከልብስ ስፌት መኪናው በላይ ተሰደደ። ጋሼ መርፌ "ሰው በሚስቱ ላይ በወንድ ይቀናል፤ እኔ በእርጥብ ውሻ እየቀናሁ አረጀሁ" እያሉ ይመረሩ ነበር።

ከሥዕሎቹ መካከል፣ ልክ በዓይን ትይዩ፣ ምንም ያልተሰቀለበት አንድ ምስማር ነበር። ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀ እንግዳ "የእኔ ነው፤ ገና ነው" ይላሉ። ሥዕላቸውን ሁለት ጊዜ በኤግዚቢሽን አሳይተዋል፤ ገዥም አላጡም። እሳቸው ግን ጉዳቸውን ያውቁታል፤ እጅ መሳል አይሆንላቸውም። በሥዕላቸው ውስጥ ያለ ሰው እጁን ወይ ኪሱ ከትቷል፣ ወይ ከኋላው አጣምሯል፣ ወይ በልብስ ሸፍኗል። ጋሼ መርፌ አንድ ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ አይተው "አንቺዬ፣ አንቺ ዘንድ ሰው ሁሉ በርዶታል" አሏቸው። ሳምንቱን በኩርፊያ ጨረሱት።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዚያው ዓመት ጠብታ የእጆች ሥዕል ብቻ ያሳየችበት ኤግዚቢሽን ተከፈተና አብረን ሄድን። አንዲት ሴት ሙቅ ድስት ስታወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ሲፈልግ፤ ፊት የለ፣ እጅ ብቻ። እትዬ ከአንዱ ፊት ቆመው ቀሩ። ደስ ብሏቸዋል ብዬ ዞር ስል ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አውቶቡስ አልፈልግም ብለው እስከ ቤት በእግር አስኬዱኝ። "ያስተማሯት እኮ እርስዎ ነዎት" ብላቸው "እሱ ነው የሚያቃጥለኝ" አሉ።

በማግስቱ ጠብታ የማታ ትምህርት ወደምትሰጥበት ቦታ ሄደው ተመዘገቡ። ልጅቷ በሩ ላይ ስታያቸው ደነገጠች።

"ኧረ ይተዉ እትዬ፣ እኔ እርስዎን ላስተምር?"

"ተመዝግቤያለሁ። ከፈለግሽ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ልበልሽ።"

የልጅ ልጅ ሊሆኗቸው ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ከኋላ ተቀምጠው ይማሩ ጀመር። አጠገባቸው ያለው ወጣት የሳለውን አንገታቸውን አስግገው እያዩ "ምቀኛ ነኝ፣ ሸፍነው" ይሉት ነበር። ብዙ ወራት እጃቸው እሺ አላለም። አንድ ምሽት ጠብታ ከኋላቸው ቆማ "እትዬ፣ ጣት እየሳሉ ነው። እጁ የያዘውን ነገር ክብደት ይሳሉ፤ ጣቱ ራሱ ይመጣል" አለቻቸው። ቤታቸው ሲደርሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ "ይህን እኔ እንዴት ሳልለው ቀረሁ?" እያሉ ሳሎኑን ይዞሩት ነበር አሉ ጋሼ መርፌ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠፈሩ ያውቃል። ያገኙትን የቀድሞ ተማሪ ሁሉ እያስቆሙ ማረም ያዙ። የአውቶቡስ ሹፌሩን በመስኮት "ልጄ፣ ስምንተኛ ክፍል ስለ እጅ የነገርኩህን እርሳው፤ ተሳስቼ ነው" አሉት። "እሺ እትዬ፣ በሩን ይልቀቁልኝ ብቻ" አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜም የሠፈሩን ልጆች ግቢያቸው ሰብስበው ድንጋይ፣ እንቁላልና ባዶ ባልዲ እያስያዙ እንደ አዲስ ያስተምሩ ጀመር። በሥራ ላይ እያሉ እንኳ እንዲህ ሲያስተምሩ አላየናቸውም።

ለራሳቸው የመረጡት የባላቸውን እጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሼ መርፌ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያስገቡ፣ እሳቸው ይስላሉ፣ ይፍቃሉ፣ ይስላሉ። ጋሼ ለዓመታት የቀኑበትን ዓይን በመጨረሻ ለራሳቸው አገኙት። ክሩ ከገባ በኋላ እንኳ መልሰው ያወጡት እንደነበር እኛ ጎረቤቶች በመስኮት አይተናል።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ቅናት አልተዋቸውም፤ ደም ሥራቸውን ባንዴ ያገኘችውን ነርስ "እጅሽን መልሺው እስቲ፣ እንዴት ነው የያዝሽው?" ብለው መርፌውን ሁለተኛ ሊያስወጉ ምንም አልቀራቸውም። ቤታቸው ሲመለሱ ሥዕሉ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ተደግፎ ነበር። ጋሼ መርፌ ልስቀልልሽ ሲሏቸው "አውራ ጣቱ ገና ነው" ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ጠብታ ልትጠይቃቸው መጣች። ሰላም ልትላቸው ጎንበስ እንዳለች ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈና ቀና አለች። ክሩ መርፌው ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሁለቱ እጆች ትንፋሽ የያዙ ይመስላሉ። ብዙ ቆየች። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ያን ፊት እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ በእትዬ ላይ ያየነው ፊት ነው።

"ይህን ይስጡኝ" አለች። "እንዴት እንዳደረጉትም ይንገሩኝ።"

እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። "አልሰጣትም። በል ስቀለው" አሏቸው።

ጋሼ መርፌ ያን ሥዕል በምስማሩ ላይ ሰቀሉት። እትዬ ገናነው የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም "ገና ነው" የተባሉ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ሥዕሉ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል፤ ስታዩት አውራ ጣቱን እለፉላቸው።

እጅን የሠራ አምላክ ነፍሳቸውን በመልካም ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። እሳቸው ግን ፊቱ ሲቀርቡ እጁን አይተው "እንዴት እንዳደረግኸው ንገረኝ" ሳይሉት አይቀሩም፤ እሱም ታግሶ ያስተምራቸው።