ሰው ይጠራል እንጂ አይቆጠርም፦ የአቶ ባሕሩ ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ባሕሩ ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ማርያም ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገላነሽ ይማም በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በወረኢሉ ከተማ ጥቅምት 14 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በከተማዋ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ብዙ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ስንት ልጅ ቢባል ግን በዚያ ቤት መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ወይዘሮ ገላነሽ ልጆቻቸው እንዲቆጠሩባቸው አይወዱም። ጎረቤት በጣቷ እየጠቆመች ስትጀምር "ቆጥረሽ ለማን ልታስረክቢ ነው?" ይሏት ነበር። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት እንደመጣበት ከቤተ ክርስቲያን ሰምተዋል። ስለዚህ ሲመሽ በሩን ከመቀርቀራቸው በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ፤ የእያንዳንዱን "አቤት" በጆሯቸው ሳይሰሙ መቀርቀሪያውን አይነኩም። አቶ ባሕሩ ከእናታቸው የወረሱት ይህንን ነው። ሌላ ውርስ አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በወረኢሉ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተምረው አዲስ አበባ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ዘመኑ ክፉ ነበር። አብሯቸው የተማረ ሰው በማግሥቱ ስሙ የማይነሣበት ጊዜ ነበርና በ1970 ዓ.ም. ትምህርታቸውን አቋርጠው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ካርቱም ላይ ሁለት ዓመት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1980 ፍራንክፈርት ደረሱ። ዚንድሊንገን በሚባለው የከተማዋ ሠፈር በአንዲት ክፍል ከሌሎች ስደተኞች ጋር እየኖሩ፣ ቀን ቀን በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ በርሜል እያጠቡ፣ ከሥራ መልስ ጀርመንኛ እየተማሩ የሙያ ፈተናቸውን እ.ኤ.አ. በ1985 አለፉ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሸዋገነትን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። እግዚአብሔርም ሴት ልጃቸውን ፀሎትን፣ ቀጥሎም ወንድ ልጃቸውን ዳጊን ሰጣቸው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ከከተማው ወጣ ብሎ የኒውክሌር ቁሳቁስ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ ተቀጠሩ። የፋብሪካውን ስም እዚህ እንድንጽፍ አልፈቀዱም፤ "ስሙ የሚጠራው የሰዎቹ ይሁን" ብለውናል። ሥራው ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ጭምብል አድርጎ፣ የጨረራ መለኪያ ደረት ላይ አንጠልጥሎ የሚሠራ ሥራ ነው። በየዓመቱ የሚሰጣቸውን የጨረራ ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ በሰማያዊ ማኅደር አስቀምጠው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ፣ በተለይ የአገር ልጅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስተምሩት መለኪያውን ከቱታው ውስጥ እንዳይሸሽገው ነበር። ብዙዎች ልኩ ከፍ ካለ ከሥራ እንባረራለን ብለው ይሸሽጉት ነበርና። እሳቸውም "የምትሸሽገው ከአለቃህ መስሎሃል፤ ከሐኪምህ ነው" ይሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የአደጋ ጊዜ አስወጪ ሆነው ተመደቡ። ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ የክፍላቸውን ሠራተኞች በቅርብ ባለው በር አስወጥተው ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው መሰብሰቢያ፣ እነሱ ሳመልፕላትስ ወደሚሉት ቦታ ይወስዳሉ፤ ሁሉም መውጣቱን አረጋግጠው ለተረኛው አለቃ ያስታውቃሉ። ደንቡ ሠራተኞቹን መቁጠር ነበር። አቶ ባሕሩ አይቆጥሩም፤ ይጠራሉ። ጀርመኑ "ሂር" ይላል፣ ያገራችን ሰው "አቤት" ይላል፣ ኤርትራዊው "ኣለኹ" ይላል። በዝናብ በብርድ ቆመው ይህን ሲያዳምጡ ሠራተኞቹ ያጉረመርማሉ። የአሰብ ልጅ የሆኑት አቶ ኢስማዒል "ጋሽ ባሕሩ ቅዳሴ ገቡ፤ እኛ እስላሞቹ እንቀመጥ ወይስ እንቁም?" እያሉ ሁሉንም ያስቁ ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ፤ መጥራታቸውን ግን አያቆሙም።

አለቃቸው ሄር ክሎስተርማን ግን አልሳቁም። በመቁጠር በአንድ ደቂቃ ተኩል የሚያልቀው በመጥራት አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ በእውነተኛ አደጋ ጊዜ አራት ደቂቃ ብዙ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ በቃል ነገሯቸው። በሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደይ ልምምድ ላይ፣ አፕማኑንግ የሚባለውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። ሌላ ጊዜ ቢደገም ከሥራ መሰናበት እንዳለ በግልጽ ተጽፎበታል። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋገነት በጀርባ ሕመም ሥራ አቁመው ነበር፤ ልጆቹም ገና ይማሩ ነበር። አቶ ባሕሩ ደብዳቤውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ይቆጥሩ ጀመር።

በዚሁ ዓመት ትኩእ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት ተቀጥሮ በሳቸው ክፍል ተመደበ። በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ጀርመንኛው ገና ስለነበር አቶ ባሕሩ የአደጋ ጊዜ መመሪያውን በአማርኛ ተርጉመው በአንድ ገጽ ጻፉለት፤ አማርኛ በደንብ ያነብ ነበር። ከገጹ ላይ ሦስተኛው መስመር "ጩኸቱን ስትሰማ ዕቃህን ሁሉ ትተህ ውጣ፤ አትመለስ" ይላል። ይህችን መስመር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን።

ኅዳር ወር ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ልምምድ ያልሆነው ጩኸት ተሰማ። በአንድ ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ የሚያቃጥል የአሲድ ጭስ በቧንቧው ውስጥ ከነበረው የኒውክሌር ቁሳቁስ ጋር አፈትልኮ ነበር። አቶ ባሕሩ ክፍላቸውን አስወጡ። የስም ዝርዝሩ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ቀርቷል። ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ፣ በካፊያ ውስጥ፣ ሁሉም በነጭ ቱታ፣ ግማሹ ጭምብሉን ሳያወልቅ ቆመ። ሄር ክሎስተርማን በጣታቸው ቆጠሩ። የዚያ ቀን ተረኞች ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ የቆመውም ሠላሳ አንድ ሆነ። አቶ ባሕሩም ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ። አለቃው ሬዲዮውን አንሥተው ሰው ሁሉ መውጣቱን አሳወቁ። ይህ ማለት በሮቹ ይታሸጋሉ፤ የእሳት አደጋ ሰዎችም አየሩ ተለክቶ እስኪያልቅ ወደ ውስጥ አይገቡም ማለት ነው። የቀረው ሁሉም መውጣቱን በሚያረጋግጠው ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ነበር። እስክሪብቶው ለአቶ ባሕሩ ተሰጣቸው።

እሳቸው እንደነገሩን፣ እስክሪብቶውን ይዘው የእናታቸው እጅ ታየቻቸው፤ መቀርቀሪያው ላይ እንዳረፈች። አልፈረሙም። ጭምብል ያደረጉትን ሁሉ አውልቁ ብለው ያለ ዝርዝር፣ በቃላቸው፣ በሥራ ቦታቸው ቅደም ተከተል መጥራት ጀመሩ። አለቃው ማስጠንቀቂያውን አስታወሷቸው። እሳቸው ቀጠሉ። አሥራ ሰባተኛው ስም ላይ ደረሱ።

"ትኩእ።"

መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አቶ ኢስማዒል ዛሬም ሳያነሡት አያልፉም፤ የቀሩትን ስሞች እስከ መጨረሻው ጠርተው ጨረሱ። ሌላም የጎደለ ሊኖር ይችላልና። ጨርሰው ወደ አለቃቸው ዞረው በጀርመንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፦ "ቁጥሩ ሞልቷል፤ ሰው ግን ጎድሏል።"

አለቃው ቁጥሩ እንዴት ይዋሻል አሉ። በዚህ መሐል አቶ ኢስማዒል ወደ በሩ ሮጡ። ከትኩእ ጋር አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አቶ ባሕሩ ከኋላ ቀበቷቸውን ጨብጠው ያዟቸው። "ልቀቁኝ ጋሼ፣ ልጁ እዚያ ነው" ቢሏቸው "አንተም ከገባህ ሁለት ስም እጠራለሁ" አሏቸው፤ አልለቀቁም። በአንድ እጃቸው ቀበቶውን እንደያዙ፣ አቶ ኢስማዒልን እየጎተቱ፣ በሰልፉ ፊት ለፊት እየሄዱ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ማየት ጀመሩ። ከመጨረሻው አጠገብ የማያውቁት ሰው ቆሟል። ባዶ በርሜል ያመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መዝገብ ላይ ሳይፈርም፣ የውሰት ቱታ ለብሶ ገብቷል። የትኩእን ቦታ ሞልቶ የተቆጠረው እሱ ነው።

ሄር ክሎስተርማን ሾፌሩን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ቱታው ነጣ። ሬዲዮውን አንሥተው አንድ ሰው ውስጥ እንደቀረ አሳወቁ። የእሳት አደጋ ሰዎች የአየር ጋን አዝለው ገቡ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩ። በእነዚያ ደቂቃዎች አቶ ባሕሩ ያልተናገሩትን ኋላ ለባለቤታቸው ተናገሩ፤ ቀበቶውን አጥብቀው የያዙት ኢስማዒል እንዳይገባ ብቻ አልነበረም። ከለቀቁት እሳቸው ራሳቸው እንደሚገቡ ያውቁ ነበር። ለአሥር ዓመት ማንም አይመለስ ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና።

ትኩእን በቃሬዛ አወጡት። ከልብስ መለወጫው ክፍል ወለል ላይ ወድቆ ነው ያገኙት። አቶ ባሕሩ ማለፍ ከሚከለክለው ገመድ ውጭ ቆመው እንደገና ስሙን ጠሩ። ከኦክሲጅኑ ጭምብል ሥር "ኣለኹ" አለ። ያኔ የአቶ ኢስማዒልን ቀበቶ ለቀቁ፤ ጣቶቻቸው ግን ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደባቸው ይባላል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። እሳቸው እዚህ አይጨርሱትም ነበር። ትኩእ ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ሊጠይቁት ሄደው ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቁት፣ ከትራሱ ሥር የስደተኛ ፓሱን አወጣ። ልብስ መለወጫው ክፍል ባለው ሣጥኑ ውስጥ ትቶት ስለነበር ሊያመጣ ነው የተመለሰው። "ኣያ ባሕሩ፣ ወረቀቱን አንብቤው ነበር" አላቸው፤ "ዕቃ ተው ይላል። ፓስ ዕቃ ነው እንዴ?"

በሦስት አገር ወረቀት አልባ ሆኖ ለተንከራተተ ሰው ፓስ ዕቃ አለመሆኑን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ትርጉሙ የሳቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ስለ ትኩእ መዳን ሲያመሰግናቸው "ያወጣሁት ራሴ ያስገባሁትን ነው" ይሉ ነበር። ይህ ሸክም እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ነበር። ቤተሰቡ ሊያቀልላቸው ብዙ ሞክሯል። አልተቻለም።

ግን ሸክሙን ታቅፈው አልተቀመጡም። በሳቸው ግፊት ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ ቀይ የብረት ሣጥን ተተከለ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ፓሱን ጠዋት እዚያ ቆልፎ ይገባል፣ ጩኸት ቢሰማ ወረቀቱ ቀድሞት ውጭ ነው። መመሪያውን በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ እንደገና አስጻፉት፤ ከማስለጠፋቸው በፊት ለአዲስ ሠራተኛ ያስነብቡና ምን እንደገባው በራሱ አፍ እንዲነግራቸው ይጠይቃሉ። ሄር ክሎስተርማንም ማስጠንቀቂያውን ከማኅደራቸው አስወጥተው፣ ከዚያ ወዲያ በልምምድ ጊዜ ስም እንዲጠራ አዘዙ። ዛሬ ከጀርመን ጓደኞቻቸው ጋር እዚህ በመካከላችን ይገኛሉ፤ እናመሰግናቸዋለን።

አቶ ባሕሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ጡረታ ወጥተው ፕሮይንገስሃይም በሚገኘው ቤታቸው የልጅ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉና ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ቆዩ። ልጆቹ በጀርመንኛ ቢመልሱላቸውም ሲጠሩ ግን "አቤት" ማለት ግዴታ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2025 ፋሲካ ካለፈ በኋላ የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞች ሰማያዊውን ማኅደር አገላብጠው ልኩ በየዓመቱ ከተፈቀደው በታች እንደነበር ነገሩን፤ ከሥራው ይሁን ከሌላ ግን ማንም ሊናገር አልቻለም። እሳቸውም አልጠየቁም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሰዓት በኋላ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አልጋው ዙሪያ ያለነውን በየስማችን ይጠሩን ነበር። ከሽቫንሃይም በየቀኑ እየመጣ የሚያስታምማቸው ትኩእ ተራው ሲደርስ "ኣለኹ ኣያ" ይል ነበር። አንድ ቀን ከመለሰላቸው በኋላ እጁን ይዘው "ይቅር በለኝ" አሉት። እሱም "ኣያ፣ እኔ እኮ አለሁ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ወረቀት አላነሡም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በክርስትና ስማቸው በገብረ አረጋዊ ተጠሩ፤ አቤት አሉ።

በእንዲህ ያለው ጽሑፍ የስንት ልጆች አባት፣ የስንት ልጆች አያት እንደነበሩ መግለጽ ልማድ ነው። እሳቸው ግን ቁጥር እንዳንጽፍ ተናዝዘዋል። ስለዚህ እንጠራለን፤ የተጠራችሁ፣ እሳቸው ይሰሙ ዘንድ፣ መልሱ።

ወይዘሮ ሸዋገነት። ፀሎት። ዳጊ። የልጅ ልጆቻቸው፣ ሶሊ። ገብርኤል። ከአዲስ አበባ የመጡት ወንድማቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ኢስማዒል። ትኩእ።

በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ እረኛ፣ ከሞላው ቁጥር ውስጥ የጎደለውን የሚያይ ጌታ፣ የአገልጋዩን የገብረ አረጋዊን ነፍስ ደጁ ሳይዘጋ ይቀበልልን። እኛንም በተራችን ሲጠራን አቤት ለማለት ያብቃን። አሜን።

ቤተሰቡ