አጥፍቼዋለሁ ያለችኝ ቪዲዮ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም የጌማችን ኤሊ ጉድ አደረገችን። ልጁ ፊደል ሲሳሳት ኤሊዋ ቂጧን አወዛውዛ ቅርፊቷ ውስጥ ትደበቃለች። ልጆቹ ይህን ለማየት ሲሉ አውቀው ይሳሳታሉ! አንድ የአምስት ዓመት ልጅ «ለ»ን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ደጋግሞ «ሰ»ን ይነካል፣ ይንከተከታል። አባቱ ከኋላ ተቀምጦ ተቃጠለ። ወላጅ አይርዳ ብለናል፤ ማን ሰምቶ። በመጨረሻ የልጁን ጣት ይዞ ራሱ ጨረሰው።

ሜሮን እስክታነባ ሳቀች። እኔም። ለአንቺ ለማስታወሻዬ አዲስ አይደለም፤ ከሜሮን ጋር ከሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነን። ሥራ ለቀን ይህን የፊደል ጌም ስንጀምር ዘመድ ሁሉ አበዳችሁ አለን። አሁን መካኒሳ አንዲት ክፍል አለችን፣ ሁለት ታብሌት፣ ሲጫወቱ የምንቀርጽበት አንድ ካሜራ። እሷ ጌሙን ትሠራለች። እኔ ከልጆቹና ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ የት እንደሚቸገሩ አያለሁ።

ደስ ብሎኛል ዛሬ። ኤሊዋ ግን ትቀየር። ሲሳሳቱ ዝም ትበል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ከፉሪ ወ/ሮ ዘነበች መጡ፣ ከልጃቸው ከሶስና ጋር። ሶስና ሁለተኛ ክፍል ናት። እናት አትክልት ይሸጣሉ፤ የት/ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥም አሉ። ጨዋታ አዋቂ። ገና ሳይቀመጡ ክፍሏን ሞሏት።

አዲሱ የጌሙ ክፍል ላይ ወላጅ ጥያቄ ያነባል፣ ልጅ ይመልሳል። ታብሌቱን ያዙ። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። መነጽሬን ረስቼ አሉ። ሶስና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አነበበችላቸው፤ እሳቸው ጮክ ብለው ደገሙት። ቀጣዩንም እንዲሁ። የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። እኔ ቀና አላልኩም።

ሲያበቃ ሶስናን ከታብሌቱ ጋር ትተው ወደ በሩ ወሰዱኝ። ፊደል አልቆጠርኩም አሉኝ። ከባላቸውና ከሶስና በቀር የሚያውቅ የለም። ጎረቤትም፣ ኮሚቴውም።

«ካሜራው አይቶኛል አይደል?»

ከዚህ ክፍል አይወጣም አልኳቸው። እንዲያውም ይጠፋል። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

እንድታጠፋው ለሜሮን ነገርኳት፤ ምክንያቱንም ጭምር። ቪዲዮዎቹ ያሉት እሷ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤት እንደገባሁ መልእክት ላከች፦ አጥፍቼዋለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ኤሊዋ ጨዋ ሆነች። ልጆቹ አኮረፉ። አንዷ ኤሊዋ አሟታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሜሮን ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ። ስጠጋ ስክሪኑን ትቀይራለች። ምንድን ነው ብላት ለኢንተርኔት ገጻችን የሚሆን፣ ሰርፕራይዝ አለች። የልደቴ ሰሞን ስለሆነ ነው መሰለኝ። ሞኝ ናት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ወደ ቢሮ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች ፈገግ ትላለች። የማውቀው ድምፅ። የሶስና ሹክሹክታ። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ፣ ጮክ ብሎ። ከሥር ለስለስ ያለ ሙዚቃ ገብቶበታል። ጽሑፉ፦ «ማንበብ ለማትችል እናቷ የምታነብ ልጅ»። የጌማችን ስም ከታች።

ወራጅ አልኩ። መውረጃዬ አልነበረም። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

ሜሮን አልካደችም። ማንም እኮ አልሰደባቸውም አለች፣ ሰው እያለቀሰ ነው፣ ጌሙን እያወረደው ነው። የእናትየውን ፊት አደብዝዣለሁ አለች። የሶስናን ግን አላደበዘዘችም። ፉሪ ውስጥ ሶስናን የሚያውቅ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል።

አጥፍቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር አልኳት።

«ሠርቼው ስታይው ይገባሻል ብዬ ነው» አለች።

ምን ይግባኝ? ወ/ሮ ዘነበች ማንበብ አለመቻላቸውን ያወቀችው ከእኔ ነው። መነጽር የረሱ እናት ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። እኔ ነኝ እንድትጠብቀው ብዬ ሚስጥሩን የሰጠኋት። እሷ ርዕስ አደረገችው።

አናቷ ላይ ቆሜ አስጠፋኋት። ምን ዋጋ አለው፤ ስንቱ ገልብጦ ለጥፎታል። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ፉሪ ሄድኩ። ወ/ሮ ዘነበች መደባቸው ጋ ናቸው። አንዲት ደንበኛ በስልክ ከፍላ ስታበቃ፣ ሶስና የለችም እንዴ ዛሬ፣ መድረሱን ማን ሊያነብልሽ ነው ብላ ሳቀች። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሴትየዋ ዞር ስትል ፊታቸው ወደቀ።

ይቅርታ አልኩ። እኔ እንዳላደረግኩት ማስረዳት ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«የእኔን ተዪው። ሰው ስቆ ስቆ ይደክመዋል። ልጄ ግን ማንበብ ትታለች።»

ከሐሙስ ጀምሮ መጽሐፍ አልከፈተችም። አስተማሪዋ አንብቢ ስትላት አንገቷን ትደፋለች። እናቴን ያዋረድኳት እኔ ነኝ ትላለች። አባቷ ለመናት፣ እሳቸው ለመኗት፣ ወይ ፍንክች። ሰኞም ት/ቤት አልሄድም ብላለች።

«ሄደሽ ንገሪያት። ያደረገችውን ሰው በስሟ ጠርተሽ ንገሪያት። እኔ እሷን ለማባበል የምዋሽ መስሏት አላመነችኝም።»

ሶስና ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ቪዲዮውን ያወጣችው ሜሮን የምትባል ሰው ናት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

«ጓደኛሽ ናት?»

አዎ።

«እንዳታሳይ ነግረሻት ነበር?»

ነግሬያት ነበር።

መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ «እኔ እኮ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት» አለች።

ስነሣ አልተሰናበተችኝም። ልክ ናት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

የቢሮውን ቁልፍ ለሜሮን መለስኩ። ለአንድ ቪዲዮ ብለሽ ነው አለች። ከዚያ አለቀሰች። አቅፌ ላባብላት እጄ ተነሣ፤ የስንት ዓመት ልማድ። መለስኩት። ለእሷ ማዘኔ ይበልጥ አናደደኝ። አንዴ እንኳ ሶስና እንዴት ናት አላለችም።

ወ/ሮ ዘነበች ጠዋት ደውለው ነበር። እስካሁን አላነበበችም። ዛሬ ግን ት/ቤት ሄዳለች።

የሌሎቹም ልጆች ቪዲዮ ሜሮን ጋ ነው። የሁሉንም አጥፊ አልኳት፤ አጠፋለሁ አለች። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወስኛለሁ። ካሜራው ፊት ላስቀመጥኳቸው ወላጆች ሁሉ እየደወልኩ የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ መጥተው ዓይናቸው እያየ ያስጠፉ። ለሜሮንም ነገርኳት። እንዲህ ካደረግሽ ጌሙ አለቀለት አለች። ያልቅለት። እኔም ለፍቼበታለሁ።

አንድ አባት አመስግነውኝ ነገ እሄዳለሁ አሉ። አንዷ ጮኸችብኝ፤ እስክትጨርስ ሰማኋት። አሁን የመንትዮቹ እናት፣ መካኒሳ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ይጠራል። ምን ብዬ እንደምጀምር

አነሡት