አርባ ስድስት ቲሸርት

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ዛሬም መብራት የለም። ሬከርድ ክፍል መስኮቱ ሥር ተለጥፌ ሮስተር ስሠራ ዋልኩ። ዓይኔ ጠፋ። አንዱ መምህር የሰላሳ ስምንት ልጅ ውጤት አምጥቶ «ሰላሳ ዘጠኝ ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ። እፊቱ ቆጠርኩለት። ሰላሳ ስምንት። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድ ሰው ጎድሎብኝ አያውቅም… አፌን ሞልቼ ነገርኩት።

ከሰዓት ባሮክ መጣ፣ የስፖርቱ መምህር። የጥበቃችን የጋሽ አንጁሎ ልጅ ሜላት የልብ ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላታል። ሰኔ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ። ገንዘቡ ግን የለም። «ዳሞታ ተራራን እንወጣለን። የሚወጣ ሁሉ ከፍሎ ይመዘገባል፣ ፎቶዋ ያለበት ቲሸርት ይለብሳል። መዝጋቢዋ አንቺ ነሽ።» እሺ አልኩ። ሌላ ማን አለ?

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሦስት ደረጃ… ከዚያ ቁጭ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አርባ ስድስት ሰው። ዝርዝሩን ዘጋሁ። ቲሸርቱም ታትሞ መጣ፤ ነጭ ነው፣ ደረቱ ላይ ሜላት ትስቃለች።

ጋሽ አንጁሎ በሩ ላይ ቆሞ አየው፣ አየው… «አሳየሽ፣ ለእኔ የለም ወይ?» አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት የለም፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት «አንተ» እያለኝ። «አንተ እኔንም ጻፈኝ። ሰው ለልጄ ተራራ ሲወጣ እኔ በር ላይ ልቀመጥ? ነውር ነው።»

ባሮክን ጠየቅኩት። «ባለጉዳዩ ደግሞ ይከፍላል እንዴ? ዝም ብሎ ይምጣ!» ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁትም። ቲሸርቱ ደግሞ በዝርዝሩ ልክ ነው የታተመው። «ለተመዘገበ ብቻ ነው፣ ጋሽ አንጁሎ» አልኩት። «እሺ፣ ጌታ ይባርክህ» ብሎ ሄደ።

የገዛ ልጁን ፎቶ እኮ ነው የከለከልኩት… አንድ ትርፍ ማሳተም ይከብድ ነበር? ደረቅ ነኝ። እናቴም ትለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ዝናብ። ባሮክ «ነገ ያባራል» ይላል። ማን ነገረው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እግሬ አልቋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቶሎ ጽፌ ልተኛ።

ወጣን። ጋሽ አንጁሎ የሰርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሙሉ ጀሪካን ውሃ ተሸክሟል፣ በፌስታል ቦዬ፣ እንደ ድንች የሚቀቀለውን ሥር፣ ቀቅሎ ይዟል፣ ለእኛ። ቲሸርት የሌለው እሱ ብቻ። መንገዱን ሁሉ ውሃ ሲያድል ነበር። ጫፍ ላይ ለሜላት ስንጸልይ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጉም ወረደብን። የራሴን ጫማ ማየት አቃተኝ። ባሮክ «ውረዱ! ውረዱ!» ይላል። ጋሽ አንጁሎ ሰው የጣለውን የውሃ ላስቲክ በማዳበሪያ ይለቅማል። «ተወው በቃ!» አልኩት። «አንተ ሂድ፣ እኔ ኋላ ነኝ።» ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ በር አይዘጋም።

ታች ያመጣን ሰርቪስ በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሁሉም አንገቱን ቀብሯል፣ ፊት አይለይም። ነጩ ቲሸርት ግን ይታያል። አርባ አምስት፣ ከእኔ ጋር አርባ ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ ስድስት። «ሙሉ ነው!» አልኩ። ሹፌሩ ነዳው። እየዘመርን ሶዶ ገባን…

ስልክ።

ትርፌ ናት፣ የጋሽ አንጁሎ ሚስት። «አንጁሎ እናንተ ጋ ነው?»

እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጌታዬ! ዝርዝሩ ውስጥ የለም እኮ!

እሁድ፣ ግንቦት 10

ባሮክና የሰፈሩ ሰው ሲፈልጉት አደሩ። ጠዋት ሣር ሊያጭዱ የወጡ ሰዎች አገኙት። ገደል ሥር። ማዳበሪያው ከጎኑ፣ ላስቲኩ እንደተሞላ።

ፖሊስ መጥቶ ጻፈ። አደጋ ነው ተባለ። መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ወዲያው ይሁን… ወይስ ሲጣራ ቆይቶ? እኛ ስንዘምር?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ቀበርነው።

ሁሉም ያንኑ ቲሸርት ለብሶ መጣ። ባሮክ ነው አሉ ያስለበሳቸው፣ ለክብሩ። አርባ አምስት ሜላት እየሳቀች ከሬሳው ኋላ ሄደች። እውነተኛዋ ሜላት መራመድ አቅቷት በባጃጅ ተወሰደች። እኔ መልበስ አልቻልኩም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «የጌታ ፈቃድ ነው፤ ማንም ማንንም አይውቀስ» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔ አላልኩም። ቲሸርት የቆጠረው ጌታ ነው እንዴ?

ከድንኳኑ ጀርባ ባሮክ ክንዴን ያዘኝ። «ስለ ቆጠራው ዝም በይ። በአቋራጭ ቤቱ የገባ መስሎን ነው እንበል። ሴትዮዋን ደግመሽ አትግደያት፣ እህቴ።» ለእሷ አዝኖ ነው ወይስ ለራሱ ፈርቶ? ሁለቱም መሰለኝ። ዓይኑ አብጧል፤ እሱም አልተኛም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ትርፌ ቤት ሄድኩ።

ትርፌ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች። ለቀስተኛው እስኪወጣ ጠበቅኩና ነገርኳት። ዝርዝሩን፣ የከለከልኩትን ቲሸርት፣ «እኔ ኋላ ነኝ» ያለኝን፣ «ሙሉ ነው» ያልኩትን። አንድም አላስቀረሁም።

ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀች። «ሰው አይደለም እንዴ የቆጠርሽው?»

«ቲሸርት ነው።»

«የገዛ ልጁን ፊት ቆጥረሽ እሱን ተውሽው።»

አላለቀሰችም። ሕፃኑን እንደያዘች ወደ ግድግዳው ዞረች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ስወጣ ሜላት ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰምታ ይሆን? ቀና ብላ አላየችኝም።

እሁድ፣ ግንቦት 17

የሜላት ቀጠሮ ሊሰረዝ ነው እየተባለ ነው። የሚወስዳት የለም። ትርፌ ገና አራስ ናት ማለት ይቻላል፣ አዲስ አበባን ረግጣ አታውቅም። ባሮክ «ፈተና አለብኝ» አለ። ይህ ካለፈ ሌላ ተራ የሚደርሳት ከዓመት በኋላ ነው። ዓመት ደግሞ ይህ ልብ አይቆይም ብሏል ሐኪሙ።

ከሰዓት የትርፌ ወንድም ወልደመስቀል ቤቴ መጣ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ቆሞ ነገረኝ። «ትርፌ ናት የላከችኝ። የሚወስዳት እሱ ነበር፤ አሁን የቆጠረችው ትውሰዳት ብላለች። ይህችን ደግሞ እንዳትጎድልብሽ ብላለች።»

ይቅርታ ነው? አይደለም። ይቅርታ እንደዚህ አይላክም። እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አዲስ አበባ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቀዶ ሕክምናው ነገ ጠዋት ነው።

መንገድ ላይ ለምሳ ቆመን ስንመለስ ረዳቱ በመቀመጫዎቹ መሃል አለፈና «ሙሉ ነው፣ ንዳው!» አለ። «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ተነሥቼ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ። አንዲት አሮጊት ሴት ሽንት ቤት ቀርተው ነበር። ረዳቱ ሮጦ አመጣቸው። ሜላት ሁሉንም አየች።

እዚህ ስንደርስ ነርሷ ቅጽ አወጣች። «አስታማሚዋ ማን ነው?»

«እኔ።»

«ምኗ ነሽ?»

ምኗ ልበል? ሜላት መለሰችልኝ። «አባቴን ተራራ ላይ የተወችው ናት» አለቻት። ሰምታለች። ያን ዕለት ሁሉንም ሰምታለች። ቁጣ የለባትም፣ ስሜን የምትነግራት ነው የሚመስለው። እጇ ግን እጄ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም።

ነርሷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። «ዘመድ» ብላ ጻፈችና ፈርሚ አለችኝ። ፈረምኩ።