እጅህን የማስታጥብህ እኔ ነኝ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለየሻው፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ፣ ከጓዳህ እስከ ደጅህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? የረመዳኑ ጾም እንዴት ይዞሃል? ክረምቱስ ጎንደር ገባ? ያ የሚቆረጥምህ ወገብህ ተሻለህ? ዓይንህ አሁንም የመርፌ ቀዳዳ ይለያል ወይስ መነጽር ጀመርክ? የግራ ክንድህስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለእሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የአፉላ ኢሊትን ዳገት እምቢ ስላለ አውቶቡስ ነው ወደ ቤቴ የሚያወጣኝ። ባለቤቴ ገበያውም፣ ልጄ ቬሬድም ደህና ናቸው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ባወራህማ ሚስትህ ነፊሳ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከጎንህ ታዳምጣለች። ሁልጊዜ እየቀማችህ «እትዬ ታንጉ፣ ወንድምሽን በወተት በቅቤ አንቀባርሬ ነው የያዝኩት» ትለኛለች፤ እኔም ሞኟ አመሰግናት ነበር። ዒድ በመጣ ቁጥር ስንት ቀሚስ መርጬ ላኩላት። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ከዚህ የሚመጣ ሰው ሱቅህ ድረስ መጥቶ በእጅህ ይሰጥሃል። አንብበህ ስትጨርስ ካውያህ ውስጥ ካለው ፍም ላይ ጣለው።

የአክስታችን ልጅ ዋኘው ለፋሲካ ሖፌሽ፣ የሥራ ዕረፍት ወስዶ ጎንደር በመጣ ጊዜ የልብስ ስፌት ሱቅህ ገብቶ እንደነበር ታስታውሳለህ። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ከጓሮ ሆነህ ስትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ ሳታውቀው ከኋላህ መጣ። እጅጌህን እስከ ክርንህ ሰብስበህ ነበር። ያየውን ሁሉ ነገረኝ። የተቃጠለው ላይ ሌላ የተቃጠለ፣ አሮጌው ጠባሳ ሳይጠፋ አዲስ የተጨመረበት፣ የግራው አጥንት ደግሞ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ። ካውያ ነው አልከው። ካውያ መሆኑንማ እሱም አላጣውም፤ የጠየቀህ ማን እንደያዘው ነው። እጅጌህን ወደ ታች ስበህ «ስትናደድ ያገኘችውን ነው የምታነሣው» ብለኸዋል። ለካ መስጊድ ከሰው ጋር የማትታጠበው፣ በዚያ በሚያዝያ ሙቀት ለራስህ ረጅም እጅጌ የምትሰፋው ለዚህ ኖሯል።

ዋኘው ይህን ያወራው እዚህ አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው። ወንዶቹ ሱፍ እየፈለቀቁ ሰሙትና ሳቁ። ገበያውም አብሮ ሳቀ። እኔ በካውያ ተቃጥዬ ቢሆን ይስቁ ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገበያው እራት በሳህን አላቀረብኩለትም፤ ራሱ ከድስቱ እየጨለፈ ይበላል። ከሳቁት ወንዶች አንዱ ደግሞ እስላም አግብቶ ምን ሊጠብቅ ኖሯል አለ። እሱን፣ የእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሚስቱን የሚደበድበው ኪፓ፣ የአይሁድ ቆብ የደፋ አይደለም ወይ ብዬ አፉን አስያዝኩት። እኔ ከሃይማኖትህ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንዲት ሴት ጋር ነው።

ለምን ዝም እንዳልክም አላጣሁትም። እኛ ቤተ እስራኤሎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንወጣ አንተ ነፊሳን ብለህ ሰልመህ ቀረህ። አባባ የሻው ሞቷል ብሎ ራሱን ተላጨልህ፤ እስኪሞትም ስምህን አልጠራም። ዛሬ አፍ አውጥተህ ብትናገር አባባ ልክ ነበር የሚባል መስሎህ ነው። አባባ ልክ አልነበረም፣ የሻው። እሱ የጠላው ሃይማኖቷን ነው እንጂ እጇንማ መቼ አወቀው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ያንኑ ካውያ አግዬ ክንዷ ላይ ማሳረፍ ነበር። ይህን ስጽፍልህ አላፍርም። በምሠራበት የጡረተኞች ቤት አሮጊቶቹን ሳጥብም፣ አልጋ ሳነጥፍም የማስበው ስለ እሷ ክንድ ነበር። እዚህ ከኮረብታው ጀርባ ካለው የዓረብ መንደር የምትመጣ ኢንቲሳር የምትባል ሙስሊም ባልደረባ አለችኝ። ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። አጎቷን ሚስቱ እንዲሁ ታደርገው ነበር። የሸሪዓ ዳኛው ቃዲ ዘንድ ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሰው ተቀምጠው ቁስሉን አዩ፤ ባልና ሚስቱም ተፋቱ። መከራው ያበቃው ሰውነቱን ለሰው ያሳየ ቀን ነው አለችኝ። ያንተ ወገን ደግሞ አንድ ሳይቀር እዚህ ነው ያለው። ማን ይቁምልህ? እኔ እመጣለሁ።

ነፊሳ ጋ ደወልኩና ማር ሆኜ አነጋገርኳት። ለዒድ ልመጣ ነው፣ ዘመዶችሽን በሙሉ ባያቸው ደስ ይለኛል፣ በተለይ አባትሽን ሐጂ እንድሪስን አልኳት። ደስታው አሰከራት። የእስራኤል እንግዳዋን ልታሳይ ወንድሞቿን፣ ጎረቤቱን፣ ኢማሙን ሳይቀር ልትጠራ ነው። ትጥራ፤ ቤቱ ጢም ይበል። ሐጂ እንድሪስ ልጄ ብለው የሚጠሩህ ሰው እንደሆኑ፣ እሷም በዚህ ዓለም የምትፈራው እሳቸውን ብቻ እንደሆነ ለዋኘው ነግረኸዋል። የምፈልገውም የእሳቸውን ዓይን ነው። እሳቸው ክንድህን ሲያዩ እኔ የእሷን ፊት አያለሁ። ያን ፊት ለማየት ይህን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ ብመጣ አይቆጨኝም።

ምግቡ ሲቀርብ ለማስታጠብ የምነሣው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን በእጄ ካስታጠብኩ ዘመኔ ነው ብዬ ኩስኩስቱን እቀበላለሁ። እንግዳ አይነሣም ይሉኛል፤ አልሰማቸውም። ሐሳቤ እጅጌህን ይዤ ወደ ላይ ልመነጭቀው ነበር። ኢንቲሳር ግን ተይ፣ እጁን በግድ የምትጎትት ሁለተኛ ሴት ልትሆኚበት ነው አለችኝ። አንገበገበኝ፤ ነገር ግን እውነቷን ነው። ስለዚህ እጅጌህን አልነካውም። አንተው ትሰበስበዋለህ፣ ለሶላት እንደምትታጠበው እስከ ክርንህ፣ በሐጂ ፊት። አንድ ቃል አትናገር፤ መናገሩን ለእኔ ተወው። ዋኘውም አብሮኝ ይመጣል፤ ቃዲው ዘንድ ሴት ከወገን አትቆጠርም ቢሉኝ እሱ ይቀመጥልሃል። ፈርተህ እጅጌህን ሳትሰበስብ እጅህን ብትዘረጋልኝም እኔ ማፍሰሴን አላቆምም። ኩስኩስቱ ቢያልቅ አስሞልቼ አፈሳለሁ፤ እጅጌህ ይርሳል እንጂ አልቀመጥም።

ገበያው በጣም ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሏል፤ ሳቁ ቆጭቶታል። ቬሬድ ዶዴን፣ አጎቴን ማለቷ ነው፣ ሳሚልኝ፣ አምጪልኝ ትላለች፤ አጎቷን በፎቶ እንጂ በአካል አታውቅህም። ለሐጂ እንድሪስ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ አስቀድሜም በልቤ ይቅርታቸውን እጠይቃለሁ፤ በበዓላቸው ቀን ላሳዝናቸው ነው። ለሱቅ ጎረቤቶችህ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ለነፊሳ ሰላምታ የለኝም፤ ዘንድሮ ቀሚስም አልያዝኩላትም። ለአንተ ግን ሸሚዝ ገዝቼልሃለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ እጅጌው አጭር ነው። ከዒዱ ማግስት ጀምሮ እሱን ነው የምትለብሰው።

እህትህ ታንጉ

አፉላ ኢሊት፣ ሰኔ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.