«ደህና» ብዬ የጻፍኩባቸው ስምንት ቀናት

ኅዳር 14፣ ጠዋት 2 ሰዓት። መተማ ዮሐንስ

ማስታወሻዬ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፤ እኔ ካህንም ሐኪምም አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች በኋላ የንስሐ አባቴ በቤ/ክ ግቢ መጠለያ የተኙትን ሕሙማን እንድጠይቅ አዘዙኝ። ትእዛዝ ነው ብዬ ጀመርኩ። አሁን ጥሪዬ ነው እላለሁ።

ዛሬ አምስት ናቸው። ሁሉም ካላዛር የሚባለው በሽታ የያዛቸው። በእርሻ ካምፕ፣ ግራር ሥር ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ የነከሳቸው የቀን ሠራተኞች። ጤ/ጣቢያ ሄደው መርፌ ይወጋሉ፣ ተመልሰው እዚህ ይተኛሉ። የጤ/ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዘውድነሽ ሥራ ስለበዛባት የየዕለት ሁኔታቸውን የምሞላበት ቅጽ ሰጥታኛለች። ትኩሳት። ምግብ። ሕመም። በማስመሪያ አስምሬ፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ። እንዴት አደርክ እላለሁ፤ የሚሉኝን እጽፋለሁ።

ከአምስቱ አንዱ፣ ይበልጣል፦ 12ኛ መርፌ። ደህና።

ኅዳር 16፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ሙቀቱ አይጣል። ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ይበልጣል ሽሮውን ሳይነካ መለሰ። ሕመምተኛ አይጾምም አልኩት፤ ፈገግ አለ። «ምግብ» በሚለው ሥር «ይጾማል» ብዬ ጻፍኩ። ደስም አለኝ፣ አልደብቅህም።

የጎጃም ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ለአንድ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወርዶ ቀረ። እንዲህ አገሩን ረስቶ ከእርሻ እርሻ የሚዞረውን እዚህ ሳሉግ ይሉታል። ታላቅ ወንድም አለው። ባዶ እጄን ነኝና መታመሜን እንዳይሰማ ብሎ ይለምነኛል።

ዛሬ ስለ መከራ ነገርኳቸው። ሥቃይን ሳያጉረመርሙ ከተሸከሙት ዋጋው አይጎድልም አልኩ። ሌሎቹ አንቀላፉ። ይበልጣል ዓይኑን ሳይነቅል ሰማኝ። ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ነው የሚያይ።

ኅዳር 19፣ ጠዋት

ደክሞኛል። ለምን እንደምመጣ ጠፋኝ። አንዱ ድኖ ይሄዳል፣ በማግስቱ በትራክተር ተጎታች ተጭኖ ሌላው ይመጣል። ሥቃይ ትርጉም አለው እያልኩ አስተምራለሁ፤ በቅርብ ያየሁት ግን የአልማዝን ብቻ ነው። አሥራ አራት ወር ታመመች። አንድ ቀን አላማረረችም። የማስተምረው ሁሉ ከእሷ ነው።

ከሕሙማኑ አንዱ፣ ካሳው የሚባለው ወሎዬ፣ ዛሬ ቀለደብኝ። የእርስዎ አጠያየቅ የፈተና ነው፣ ዜሮ እንዳናገኝ ብለን ሁላችንም ደህና ነን እንላለን አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ይበልጣል፦ 17ኛ። እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ደህና።

ኅዳር 21፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ይበልጣል ጤ/ጣቢያው በር ላይ ወደቀ።

ስደርስ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ሆዱን አቅፎ ተኝቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስመልስህ ትለዋለች ሲስተር። የመለሰላት ካሳው ነው። ሳምንት አልፎታል አለ፤ ከአጥሩ ኋላ እየሄደ ያስመልሳል፣ እንዳልናገር አስምሎኝ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ወረቀትዎ ደህና ነው። የታመመው ሰውየው ነው።»

ማንም አልሳቀም።

ሲስተር ቅጹን ዘረጋች። ልጅ ሳለች ያስተማርኳት ናት። መድኃኒቱ አንዳንዱን ሰው ቆሽቱን ይጎዳል፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም ምልክቱ ነው፣ በዚያው ቀን መርፌው መቆም ነበረበት አለች። ስምንቱን «ደህና» አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። «ይጾማል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ምን ብሎዎት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎኝ አልኳት።

«እሱማ ሊሞት ሲልም ይህንኑ ይላል፣ መምህር። እኛ ሌላ ምን ማለት እናውቃለን?» አለችኝ።

ኅዳር 22፣ ጠዋት

ለምን ደበቅህ አልኩት ይበልጣልን። በቁጣ አይደለም። ድምፁ አይሰማም፣ ጎንበስ አልኩ።

«ያላጉረመረመ ዋጋው አይጎድልም ብለውኝ የለ? ከሰባት ዓመት ልፋት የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው፣ መምህር። እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ቃል በቃል የተያዘልኝ ትምህርት የለም።

ኅዳር 23

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጥተው ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉን ሰሙኝ። ጌታ እንኳ በመስቀል ላይ ሆኖ መጠማቱን ተናግሯል፤ ከእሱ የሚበልጥ ዝምታ ከማን ተማርክ አሉኝ።

ከአልማዝ አልኩ።

አሥራ አራት ወር በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ብያታለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ብላኛለች። አንድ ቀን እንኳ የት ጋ ነው የሚያምሽ አላልኳትም። መልሷ ይበቃኝ ነበር። ይመቸኝ ነበር።

ከአገልግሎቱ እንዲያሰናብቱኝ ለመንኩ። እምቢ አሉ።

ኅዳር 24፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የይበልጣል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት አደርክ አላልኩም። የት ጋ ነው የሚያምህ አልኩ።

መጀመሪያ አፈረ። ቆይቶ ከእምብርቱ በላይ ያዘ፤ ወደ ጀርባዬ እንደ ጦር ይወጋኛል አለ። ሌላስ? መገጣጠሚያው። ሌላስ? ከዚያ ብዙ ተናገረ። ውኃ ስለሌለው ካምፕ። የእናቱን ሞት ከተቀበረች ከዓመት በኋላ ከአንድ ሾፌር ስለመስማቱ። ተሳደበም፤ ካምፑን፣ እኔንም ትንሽ። ሲጨርስ አለቀሰ። ወንድሜ ቢመጣ አለ። ራሱ ነው ያለው።

ሥቃዩ ምን ትርጉም እንዳለው ዛሬ አልነገርኩትም። አላውቅም። ሲናገር አጠገቡ ሰው ነበረ፤ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ሲስተር፦ ጎንደር ሪፈር ተጽፎለታል። ሌላ መድኃኒት ይሞከራል። አስታማሚ የግድ ነው። ይድናል ወይ አልኳት። እንጃ አለች፤ በጣም ተጎድቷል።

ኅዳር 25፣ ከሰዓት 8 ሰዓት

ወስኛለሁ። ነገ አብሬው እሄዳለሁ። ወንድሙ እስኪደርስ አስታማሚው እኔ ነኝ። ሌሎቹን አራቱን ሲስተር ራሷ ትጠይቃለች።

የይበልጣል አገር ሰው አጨዳ ጨርሶ ዛሬ ወደ ጎጃም ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ ሰጠሁት። ግልባጩ፦

ይድረስ ለአቶ ዓለሙ። ወንድምዎ ይበልጣል በሕይወት አለ። በጠና ታሟል። የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ሕመሙ የከፋውም እኔ በደንብ ሳልጠይቀው ቀርቼ ነው። ይህን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ራሴ ጻፍኩልዎ። ባዶ እጁን ስለሆነ ያፍርዎታል፤ ስምዎን ግን ትናንት ሁለት ጊዜ ጠርቷል። ከነገ ጀምሮ ጎንደር ሆስፒታል ነን። መምጣት ከቻሉ ቀን አይቁጠሩ። ካልቻሉም አንድ ቃል ይላኩለት፣ ቁጣም ቢሆን። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው መልስዎን ለመንገደኛ ሊሰጥ ቃል ገብቶልኛል። እባክዎ፣ አቶ ዓለሙ፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።