ከኋላ ሆኜ ያዳመጥኳት መኪና

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ። የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ፣ የሚያይሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

አባትሽ ሃያ ዓመት ያለፋትን ጥቁር የቅንጦት መኪና ካልገዛሁ ብሎ ልቤን አወለቀው። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ በሯም ሲዘጋ ሹክ አይልም። እኔ ግን አንቺን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ብትገትረንስ ብዬ ፈራሁ። ጎረቤታችን መካኒኩ ሊፈትሻት መጣና፣ ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ዳሰሰ።

"ቀዝቃዛ ነው፤ ባለቤቱ ቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ችግሯን አልደበቀብንም" አለ። "እትዬ፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው የሚንኳኳ ነገር ካለ ያዳምጡልን።"

ለሙከራ ልንነዳት ስንወጣ እኔም ከኋላ ጆሮዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ዛፎቹ በመስኮቱ እንደ ውሃ ይፈስሳሉ። ልጅ ሳለሽ እንደምታደርጊው ራስሽን ጭኔ ላይ ጣል አደረግሽ፤ ፀጉርሽ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ዓይኔን ስገልጥ የቤታችን በር ላይ ቆመናል።

"አንቺ ሴትዮ፣ አዳምጪ እንጂ ተኚ ተባልሽ?" አለ አባትሽ።

መካኒኩ ሳቀ። "ጋሼ፣ የምትንኳኳ ብትሆን መች ይተኙ ነበር? የሞተሩ ቺንጋ አርጅቷል፣ እሱን እንቀይራለን። ሌላው ጤነኛ ነው።"

አባትሽ ዞር ብሎ አየኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንቅልፍ እንዴት እንደራቀኝ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ገዛት።

በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ክፉ አይይሽ። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ቀደም ብለሽ ንገሪን፤ ታክሲ እንዳትይዢ። ፊት ልቀመጥም እንዳትዪኝ፣ ከኋላ ቦታ ይዤልሻለሁ።

እናትሽ